ማኅበራዊ ሚዲያ በወሎ የጤና ተቋማት

በወሎ የጤና ተቋማት ማኅበራዊ ሚዲያ ሲባል በተግባር ሁለት ነገር ነው፦ የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል። ፌስቡኩን በብዛት የሚከታተለው የደሴ፣ የኮምቦልቻና የወልድያ ከተሜ፣ ተማሪውና ዓረብ አገር ያለው የአካባቢው ተወላጅ ነው። ደላንታ ወይም ቦረና ገጠር ያለች እናት ዘንድ ግን ወሬው የሚደርሰው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ በመምህሩ ወይም በቅሬ (የወሎ ዕድር) ሰብሳቢው አፍ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጽሑፍ ለእሷ ሳይሆን ለሚነግሯት ሰዎች ይዘጋጃል፤ ቡና ላይ በቃል የሚደገም፣ ከ3 ወይም ከ4 አጭር ዓረፍተ ነገር የማይበልጥ። ከሚሴና ባቲ በኩል አፋን ኦሮሞውም አብሮ መውጣት አለበት። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሚቆም፣ ስለ ወረርሽኝ የሚነገር ነገር ቢዘገይ ቅዳሜ ማታ ቢለቀቅ ይመረጣል።

ከ2012 በፊት የነበሩት ገጾች በአብዛኛው የስብሰባና የጉብኝት ፎቶ ማስቀመጫ ነበሩ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ ሰው የየዕለቱን ቁጥር ከወቅቱ የጤና ሚኒስትር ከዶክተር ሊያ ታደሰ ገጽ መጠበቅ ለመደ። በወሎ የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የደሴ ቅርንጫፍ ናሙና ይመረምር ነበር፤ ታማሚዎችን ተቀብሎ ያከመው ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ የነበረው ቦሩ ሜዳ ይህንንም ሸክም መሸከሙ የሚያስመሰግነው ነው። የዚያ ጊዜ ትልቁ ትምህርት፣ ቁጥር ብቻውን ሲለጠፍ ጥያቄ እንደሚጠራ ነው። «የት ሰፈር ነው?» የሚለው አስተያየት መልስ ሲያጣ፣ ሌላው ሰው የጎረቤቱን ስም ይጽፍለታል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ከተማው ብቻ (ሰፈሩ ሳይጠቀስ)፣ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበትና የሚደወልበት ቁጥር አብረው ይወጣሉ፤ ያኔ ቁጥሩ 8335 ነበር። ሌላው ችግር ቀን ነው። ቀን የሌለው ምስል ከወራት በኋላ እንደ አዲስ ይዞራል። «5/2/13» ብሎ መጻፍም የእኛ አቆጣጠር ይሁን የፈረንጆቹ አይለይም፤ ወሩ በስሙ፣ ዓመቱ በሙሉ፣ ምስሉ ላይ መጻፍ አለበት።

በ2014 ጦርነት ደሴ ስትያዝ ሆስፒታሎች ተዘረፉ፣ የገጾቹም ሥራ አብሮ ቆመ። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የቀረው የስልክ ጥሪ፣ አጭር መልእክትና ቅሬ ነበር። የቅሬ ሰብሳቢዎች ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ቢሮ ውስጥ መገኘት ያለበትም ለዚህ ነው።

በተቅማጥና ትውከት ወቅት ስሙ ራሱ ያከራክራል። አንዳንዱ ቢሮ «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ይላል፣ ሌላው «ኮሌራ»፤ ላቦራቶሪ ካላረጋገጠው «አተት» ማለቱ ይሻላል፣ ካረጋገጠው ግን መሸፈን አመኔታ ያሳጣል። ፌስቡክ ከጥቂት መስመር በኋላ ያለውን ጽሑፍ «ተጨማሪ ይመልከቱ» ብሎ ስለሚደብቅ፣ የሕይወት አድን መጠጡ (የኦአርኤስ) ልኬት ሁልጊዜ ከላይ ይጻፋል። የኦአርኤስ ፓኬት ሲጠፋ በቤት ለሚዘጋጀው፦ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው። «ልሙጥ» የሚለው ቃል ከወደቀ ሰው ከምሮ ይጨምራል፤ ስኳሩና ጨዉ ቦታ ከተቀያየሩ መጠጡ ራሱ ሕፃኑን ይጎዳል። ስለዚህ ከመለቀቁ በፊት አንድ ሰው መመሪያውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ስልኩ ላይ ያመሳክራል።

ወሬን ማስተባበል ሌላ ጥበብ ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት በ2011 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር «ያመክናል» የሚል ወሬ ተነሥቶበታል። ወሬውን በትልቁ ጽፎ በላዩ «ሐሰት» የሚል ማኅተም ማድረግ ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት ነው፤ በቴሌግራም ሲዞር የሚታወሰው ወሬው ብቻ ነው። መጀመሪያ እውነቱ ይባላል፤ ክትባቱ ምን እንደሚከላከልና ማን እንደሚሰጠው። ወሬው በመጨረሻ በአንድ ሐረግ ቢነሳ ይበቃል። ሼሁና ቄሱ አብረው የሚናገሩበት አጭር ቪዲዮ፣ መቼም ወሎ ነውና፣ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጥ ይደመጣል። ቲክቶክ ለመንግሥት ቢሮ አይመጥንም የሚሉ አሉ፤ ወጣቱ ግን እዚያ ነው።

ፎቶ ከመለጠፉ በፊት ፊት ለፊት ያለችው ነርስ ብቻ ሳትሆን ከኋላዋ ያለውም ይፈተሻል፦ ጠረጴዛው ላይ የተገለጠ መዝገብ፣ ግድግዳው ላይ የአልጋ ቁጥርና ስም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም።

ገጾች የሚጠፉት ግን በብዛት በዝውውር ነው። ባለሙያው በራሱ ስልክ ይከፍተዋል፣ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል፣ ገጹም አብሮት ይሄዳል፤ ቢሮው ሁለተኛ ገጽ ሲከፍት ሕዝቡ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ይጠፋዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በቢሮው ስም የወጣ ሲም፣ ቢያንስ 2 አድሚን፣ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል፣ ቃሉም በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ካዝና። ሲሙ በየወሩ ካርድ ይሞላበት፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፣ የቻናሉም ቁልፍ አብሮ ይሄዳል።