የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ምንድን ነው?

በአየርላንድ ምዕራብ፣ የሻነን ወንዝ አቋርጦት በሚያልፈው የሊመሪክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የአገሩን የጭፈራ ዜማ በፊድል (በቫዮሊን)፣ በዋሽንት ወይም በኮንሰርቲና (አኮርዲዮን በሚመስል ትንሽ መሣሪያ) የሚጫወት ወጣት አራት ዓመት ተምሮ ዲግሪ ይዞ ይወጣል። ነገሩን መጀመሪያ የሚሰማ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ከአያትና ከአጎት፣ ከጎረቤትና ከመንደር መጠጥ ቤት የሚለመድ ሙዚቃ ዩኒቨርሲቲ ምን ይጨምርለታል? ደግሞስ መምህሩ በምን መዝኖ ውጤት ይሰጠዋል? መልሱ ያለው ሙዚቃው ራሱ እንዴት እንደተሠራ ከማወቅ ላይ ነው።

የዚህ ሙዚቃ ትልቁ ክፍል ለጭፈራ የተሠራ አጫጭር ዜማ ነው። ስሙ የሚወጣለት በምቱ ነው፤ በስድስት ስምንተኛ የሚሄደው ጂግ፣ በአራት አራተኛ የሚፈሰው ሪል፣ በዘጠኝ ስምንተኛ የሚንሳፈፈው ስሊፕ ጂግ ይባላል። ሌሎችም አሉ። አንድ ዜማ በአብዛኛው ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ባር (ዜማው በምቱ የሚከፈልባቸው እኩል ክፍልፋዮች) ሆኖ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚደገም ጠቅላላው 32 ባር ይሆናል። አንድ ዙር ሪል አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ተጫዋቾቹ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሳያቋርጡ ወደ ሌላ ዜማ ይሻገራሉ። ሁሉም የሚጫወቱት ያንኑ አንድ ዜማ ነው፤ በጊታርና ቡዙኪ በሚባል ባለ ረጅም አንገት የክር መሣሪያ ማጀብ የመጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከጭፈራው ዜማ ጎን ያለ አጃቢ በአየርላንድኛ የሚዘፈነው ሻን ኖስ አለ፤ እሱ ምት አያስረውም፣ ዘፋኙ ግጥሙን ተከትሎ እንደ ስሜቱ ያስረዝመዋል።

ታዲያ ዜማው እንዲህ አጭርና የጋራ ከሆነ ጥበቡ የት ላይ ነው? በጌጡና በመለዋወጡ። ሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ሲከታተሉ ጣት ለቅጽበት ብድግ ብሎ መካከላቸውን ይቆርጣል፤ ይህን ከት ይሉታል። አንዱን ረጅም ድምፅ ከላይና ከታች ባሉ ፈጣን ንክኪዎች ማንከባለል ሮል ነው። ኢለን ፓይፕስ የሚባለው፣ በክንድ ሥር በሚጨመቅ ወናፍ አየር የሚሞላ መሣሪያ ደግሞ ክራን የሚባል የራሱ የተርከፈከፈ ጌጥ አለው። ጥሩ ተጫዋች በሁለተኛው ዙር ላይ የመጀመሪያውን እንዳለ አይደግምም፤ አንድ ቦታ ሮሉን ይተዋል፣ ሌላ ቦታ የፊድሉን መምቻ ቀስት ከምቱ አስቀድሞ ያዞራል። ይህን የሚያስተውለው የለመደ ጆሮ ብቻ ነው።

ኖታ እዚህ ላይ ይደክማል። በወረቀት የሰፈረ ሪል እኩል ርዝመት ያላቸው ድምፆች የተደረደሩበት ነው፤ ተጫዋቹ ግን አንዱን በጥቂቱ ያስረዝማል፣ ቀጣዩን ያሳጥራል፣ ልኩም ከአውራጃ አውራጃ ይለያያል። ሲ ናቹራልና ሲ ሻርፕ በሚባሉ ሁለት ተጎራባች ድምፆች መካከል የሚወድቅ፣ ፒያኖ ፈጽሞ የማያውቀው ድምፅም አለ፤ የድሮዎቹ ፊድልና ፓይፕ ተጫዋቾች ሆን ብለው ይጠቀሙበት ነበር። ኖታ ጠንቅቆ የሚያነብ የክላሲካል ቫዮሊን ተጫዋች ወረቀቱን እንዳለ ቢጫወተው ድምፆቹ ሁሉ ልክ ሆነው ሪሉ ግን አይገኝም። የእኛ አገር የዜማ ተማሪ ድጓውን ከመምህሩ አፍ ካልተቀበለ በቀር ምልክቱን ብቻ አይቶ ሊያዜመው አይችልም፤ ምልክቱ የሚያገለግለው ጆሮ አስቀድሞ የያዘውን ለማስታወስ ነው። የአየርላንድ ኖታም ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲውም ዋናው መማሪያ ጆሮ ሆኖ ቀርቷል፤ መምህሩ ቁርጥራጭ ሐረግ ይጫወታል፣ ተማሪው ይመልሳል።

ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙዚቃ ዘግይቶ ነው የተቀበለው። ሰብሳቢዎች ቀድመው ነበሩ። በ1792 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በቤልፋስት የመጨረሻዎቹ የበገና ደርዳሪዎች ሲሰበሰቡ ኤድዋርድ በንቲንግ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ዜማዎቻቸውን እንዲጽፍ ተቀጥሮ ነበር። በ1903 ደግሞ በኮርክ አውራጃ ተወልዶ ቺካጎ የተሰደደውና የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ፍራንሲስ ኦኒል 1,850 ዜማዎችን በአንድ መድበል አሳተመ። በዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ክፍሎች ግን ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው በዋናነት የአውሮፓ ክላሲካል ነበር። በ1963 አቀናባሪው ሾን ኦ ሪያዳ በኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ሲጀምር የባህሉ ሙዚቃ ወደ ትምህርት ክፍሉ መግባት ጀመረ። ኦ ሪያዳ በ1971 ገና በ40 ዓመቱ ሞተ። ተማሪው የነበረው ፒያኒስት ሚሆል ኦ ሱሊቫን ከ1975 ጀምሮ እዚያው ኮርክ አስተማረ፤ በ1994 ወደ ሊመሪክ ሄዶ ዛሬ አይሪሽ ወርልድ አካዳሚ የሚባለውን ተቋም መሠረተ። ኦ ሱሊቫን በ2018 ቢያርፍም አካዳሚው የባህል ሙዚቃና ጭፈራ በራሱ እግር የቆመበት ቤት ሆኖ ቀጥሏል።

ወደዚያ የሚያመለክት ወጣት ከሁለተኛ ደረጃ ውጤቱ ሌላ በመሣሪያው ይፈተናል። በመሣሪያው በደንብ መጫወት የማይችል ሰው ከዜሮ የሚጀምርበት ትምህርት አይደለም፤ ብዙዎቹ ብዙ ዜማ በቃላቸው ይዘው ነው የሚገቡት። ከገቡ በኋላ ከአንጋፋ ተጫዋች ጋር ፊት ለፊት መማር፣ በቡድን መጫወት፣ ታሪክ፣ ቲዎሪና ምርምር ይከተላል።

እኔን ከሁሉም የሚማርከኝ የድምፅ ግልበጣ የሚሉት ሥራ ነው። ተማሪው አንድ የቆየ ቅጂ ይመርጣል፤ ፍጥነቱን በኮምፒውተር ቀንሶ እያንዳንዱን ከት፣ እያንዳንዱን ሮልና የቀስት አቅጣጫ ከነመጠኑ በወረቀት ያሰፍራል። አንዲት የአንድ ደቂቃ ሪል ብዙ ሰዓት ትበላለች። ያንኑ ዜማ ከዶኒጎል፣ ከስላይጎና ከክሌር አውራጃዎች ተጫዋቾች ወስዶ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ በጆሮው ብቻ ‘ያምራል’ ይለው የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ይታየዋል፤ የዶኒጎሉ ቀስት አጭርና ቁርጥ ቁርጥ ነው፣ የስላይጎው ፍሰትና ጌጥ ይበዛዋል፣ የክሌሩ ረጋ ይላል። አካዳሚው ለዚህ የሚያስፈልገውን ቅጂ ከየትም አያጣም፤ ደብሊን ውስጥ በ1987 የተቋቋመው የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ መዝገብ ቤት ለሁሉም ክፍት ነው። በምርምር ትምህርቱ ደግሞ ተማሪው ራሱ መቅረጫ ይዞ አረጋውያን ተጫዋቾች ዘንድ ይሄዳል፤ ዜማውን ከማን እንደተማሩት፣ በምን ጭፈራ ላይ እንደተጫወቱት ይጠይቃል፤ ፈቃድ መቀበልንና የቀረጸውን በሥርዓት ማስቀመጥንም ይማራል።

ይህ ትምህርት ተቃውሞ አለበት፤ ተቃውሞው የሚናቅም አይደለም። ባህሉ የሚኖረው ሴሽን በሚሉት ስብስብ ነው፤ ተጫዋቾች በክብ ተቀምጠው ማንም ለማንም ትኬት ሳይሸጥ ይጫወታሉ። ፈተና ግን ተማሪውን ብቻውን መድረክ ላይ ያወጣዋል። እንዲህ ሲሆን ፈጣኑና የተወሳሰበው ጎልቶ ይታያል፤ አንዲት ጂግ በዝግታ፣ ጌጥ ሳያበዛ፣ ጨፋሪውን እያሰበ የሚጫወት ሰው ደግሞ ለመመዘን ይከብዳል። ተቃዋሚዎቹ የሚፈሩት ከጊዜ በኋላ ሁሉም ተመራቂ አንድ ዓይነት እንዳይሆን ነው።

ፍርሃቱ እውነት ቢሆንም የየአውራጃው አጨዋወቶች መመሳሰል የጀመሩት ዩኒቨርሲቲው ሳይኖር ነው ብዬ አምናለሁ። በ1920ዎቹ የስላይጎ ተወላጁ ማይክል ኮልማን ኒው ዮርክ ውስጥ የቀረጻቸው ሸክላዎች ውቅያኖስ ተሻግረው አየርላንድ ሲደርሱ በየአውራጃው ያሉ ፊድል ተጫዋቾች የራሳቸውን ትተው እሱን መከተል ያዙ። በ1951 የተጀመረው ፍላ ኪዮል የተባለው ታላቅ በዓል ውድድሮችም የራሳቸውን ሚዛን ይዘው መጡ። ዩኒቨርሲቲው ባለበት ዘመን ግን አንድ የ19 ዓመት ተማሪ ዘመዶቹ እንኳ የረሱትን የመንደሩን የቀስት አያያዝ ከአሮጌ ቅጂ ፈልጎ አግኝቶ፣ ከኮልማኑ ጋር አስተያይቶ፣ እያወቀ ሊመርጥ ይችላል። ለእኔ የትምህርቱ ትልቁ ፍሬ ይህ ነው። ፈተናውን በተመለከተ ደግሞ ከመድረኩ ጎን በቡድን መጫወትና ለጨፋሪ መጫወት እኩል ክብደት ሊሰጣቸው ይገባል እላለሁ፤ ሙዚቃው የተሠራው ለእነሱ ነውና።

ሊመሪክ ብቸኛው ቦታ አይደለም። ኮርክ እስከ ዛሬ በሙዚቃ ዲግሪው ውስጥ የባህሉን መሣሪያዎች ያስተምራል፤ በቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሙዚቃን ከሕዝቡ ኑሮ ጋር አያይዞ የሚያጠናው የኢትኖሚውዚኮሎጂ ትምህርት ይሰጣል። ሊመሪክ ለሚመረቁት የአንድ ዓመት የባህላዊ ሙዚቃ አጨዋወት ማስተርስና የዶክትሬት ጥናትም አለ። ከዚያ የሚወጡት ከፊሎቹ በመድረክ ይኖራሉ፤ ሌሎቹ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፣ በመዝገብ ቤት ወይም በአየርላንድኛ ራዲዮና ቴሌቪዥን ይሠራሉ። የውጭ አገር ሰውም ይቀበላሉ፤ አመልካቹ ቁጭ ብሎ በመሣሪያው ዜማዎቹን ይጫወታል፣ ጆሮውም ይፈተናል።