ሐሳብህ አልቆም ካለ ሜዲቴሽን አልሆነልህም ማለት አይደለም

ስለ ሜዲቴሽን፣ ማለትም ትኩረትን ትንፋሽን በመሰለ አንድ ነገር ላይ ስለማሳረፍ ልምምድ፣ ሳነሳ ብዙ ሰው «ሞክሬው ነበር፣ አልሆነልኝም» ይለኛል። ለምን? «ሐሳቤ አልቆም አለ።» ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በትክክል እየሠሩት ሳለ ነው የተዉት።

«ጭንቅላት ባዶ መሆን አለበት» የሚባለው ስህተት ነው። አእምሮ ማሰብ ሥራው ነው። ቁጭ ብላችሁ ትንፋሻችሁን መከታተል ትጀምራላችሁ፣ ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ የቤት ኪራይ ትዝ ይላችኋል፣ ከዚያ አከራይዋ፣ ከዚያ ባለፈው ወር የተናገረቻችሁ ነገር፣ እና በሐሳባችሁ መልስ እየሰጣችኋት ሳለ ድንገት «ውይ፣ ትንፋሼን እየተከታተልኩ ነበር እኮ!» ትላላችሁ። ልምምዱ ያቺ «ውይ» ናት። ራሳችሁን ሳትቆጡ ትመለሳላችሁ። ሃያ ጊዜ ከሄዳችሁ ሃያ ጊዜ መመለስ ነው፣ አለቀ።

«አየር በደንብ ሳብ፣ ትረጋጋለህ» የሚለው ምክር ደግሞ አንዳንዴ ነገሩን ያባብሰዋል። የተጨነቀ ሰው ቶሎ ቶሎ በኃይል ሲተነፍስ ከደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣና ያዞረዋል፣ ከንፈሩንና ጣቶቹን ይነዝረዋል፣ ጭራሽ ይደነግጣል። የሚያረጋጋው የትንፋሹ ዝግታ ነው፤ በተለይ አወጣጡ። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። 4 ሰከንድ አስገብታችሁ 6 ሰከንድ ብታወጡ ወደ 6 ይወርዳል። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሁለት ጣታችሁን ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓችሁ ላይ አድርጉና የደም ምታችሁን ስሙት፦ አየር ሲገባ ፈጠን፣ ሲወጣ ዘግየት ይላል። ወጣቶች ላይ ጎልቶ ይሰማል። ልብን የሚያዘገየው ከአንጎል ወርዶ ልብ ጋ የሚደርስ ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው፤ ረጅም አወጣጥ ለእሱ ጊዜ ይሰጠዋል።

«የሌላ ሃይማኖት ነው፣ አልነካውም» ለሚሉት ሥጋታቸው ይገባኛል። ብዙዎቹ ዘዴዎች ከቡድሂስትና ከሂንዱ ባህል የመጡ ናቸው፣ ይህን መካድ አያስፈልግም። ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሕመም ለማይለቃቸው ታካሚዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ከሃይማኖት ውጭ ነበር። ደግሞስ አርምሞ፣ ተመስጦ፣ ጥሞና የሚሉት ቃላት ከየት መጡ? ዝም ብሎ ልብን መሰብሰብ ለገዳሞቻችን እንግዳ አይደለም። ትንፋሽ መከታተል ጸሎትን አይተካም፤ አማኙ ከጸሎቱ በፊት ሁለት ደቂቃ ቢረጋጋ የሚጎድልበት ነገር አይታየኝም።

«ጸጥ ያለ ቦታ የለኝም።» እኔም የለኝም። ብዙ ጊዜ የምለማመደው ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ዓይኔን አልጨፍንም። ጫማዬ አስፋልቱ ላይ ማረፉ ይሰማኛል፣ ረዳቱ «ጀሞ! ጀሞ!» ሲል እሰማለሁ፣ አየሩ አፍንጫዬ ጋ ሲገባ ቀዝቀዝ፣ ሲወጣ ሞቅ ይላል። አንዱ ሰልፉን አቋርጦ ሲገባ ደረቴ ላይ የሚወጣው ሙቀት ይታወቀኛል። አንድ ረጅም ትንፋሽ አወጣለሁ፣ ከዚያ «ወንድሜ፣ ሰልፉ ከኋላ ነው» እላለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። «ግማሽ ሰዓት ከየት ላምጣ» ለሚሉም፣ ሦስት ደቂቃ በየቀኑ ይበቃል ለመጀመር።

የመጨረሻው አባባል አደገኛ ነው፦ «ሜዲቴሽን ሁሉን ይፈውሳል።» አይፈውስም። መድኃኒት የምትወስዱ ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ እንዳታቆሙ። አስም ያለበት ሰው ሲያፍነው በአፍ የሚሳበውን መድኃኒቱን (ፓምፑን) ይውሰድ፣ ትንፋሽ አይቁጠር። ጦርነት ወይም ሌላ ከባድ ነገር ያሳለፈ ሰው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ያ ትዝታ ሊመጣበት ይችላል፤ ይህ ድክመት አይደለም። ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ትንፋሹን ተዉትና ውስጥ እግራችሁ መሬቱን ሲነካ ወይም ውጭ ያለውን ድምፅ ተከታተሉ። ካልቀለላችሁ አቁሙና የአእምሮ ሐኪም አማክሩ።