ካርታ የሌለው ነጋዴ ምን ያስይዛል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ነጋዴ ብድር ፈልጎ ባንክ ቤት ሲገባ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ጥያቄ «ካርታ አለህ ወይ?» የሚለው ነው። ካርታ የሌለው ዘመድ ይለምናል፣ የአጎቱን ቤት ያስይዛል፣ ካልሆነም ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። በየቀኑ እንጀራ የሚያበላውን ማሽን፣ መጋዘን የሞላውን ሸቀጥ፣ ደንበኞቹ ያልከፈሉትን ሂሳብ ግን ከሀብት አይቆጥረውም።

«ባንክ ከቤትና ከመኪና ሌላ አይቀበልም»

ልማዱን በተመለከተ እውነት አለው፤ ሕጉን በተመለከተ ግን የለውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽነሪ፣ የሸቀጥ ክምችት፣ ከብት፣ ሰብል፣ የሚሰበሰብ ሂሳብ፣ የመጋዘን ደረሰኝና የአእምሯዊ ንብረት መብት ሳይቀር ለብድር ዋስትና እንዲሆኑ በር ከፍቷል። መብቱ የሚመዘገብበት የኤሌክትሮኒክ መዝገብም በብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቁሟል።

ይህ ማለት ግን ባንኩ የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል ማለት አይደለም። አበዳሪው የሚያስበው «ይህ ዕቃ ሐራጅ ቢወጣ ማን ይገዛዋል?» ብሎ ነው። ለዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ገዢ አይጠፋም፤ ለአንድ ፋብሪካ ብቻ በልዩ ትእዛዝ ለተሠራ ማሽን ግን ገዢ ማግኘት ከባድ ነው።

«ማሽኑን ካስያዝሁት ሥራዬ ይቆማል»

ይህ ፍርሃት ከየትም አልመጣም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ የሚሆነው በመርሕ ደረጃ ዕቃው ከባለዕዳው እጅ ወጥቶ ለአበዳሪው ወይም ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ነበር። ማሽኑን አስረክቦ በምን ሠርቶ ይክፈል? አዲሱ አዋጅ ርክክቡን በምዝገባ ተካው፤ ስለዚህ ወፍጮው እየፈጨ፣ የስፌት መኪናውም እየሰፋ ዕዳውን ይከፍላል።

ምዝገባው ሌላም ሥራ አለው። በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት አበዳሪዎች ቢጣሉ ብልጫው በመርሕ ቀድሞ ላስመዘገበው ነው። ስለዚህ አንዱን ማሽን ለሁለት ባንክ ደብቆ ማስያዝ የሚያስብ ሰው መዝገቡ እንደሚያጋልጠው ይወቅ። ያስያዘውን ማሽን ያለአበዳሪው ፈቃድ ቢሸጠውም ዋስትናው ዕቃውን ይከተለዋል። ክምችት ለየት ይላል፦ ሸቀጡ የተገዛው ለመሸጥ ስለሆነ፣ በመደበኛ ንግድ የገዛ ደንበኛ ዕቃውን ከዋስትናው ነፃ ሆኖ ይወስዳል።

«በ2 ሚሊዮን ብር የገዛሁት ማሽን 2 ሚሊዮን ያስበድራል»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያኮርፈው እዚህ ላይ ነው። ገማቹ የግዢውን ዋጋ ሳይሆን የዕቃውን ዕድሜ፣ ይዞታና ዛሬ ሊሸጥበት የሚችለውን ዋጋ ያያል፤ ባንኩ ደግሞ ከግምቱም ላይ የተወሰነውን ክፍል ብቻ ያበድራል። ዲክላራሲዮኑና (የጉምሩክ ሰነዱና) ደረሰኙ የጠፋበት ማሽን ምንም ያህል ቢሠራ ባለቤትነቱን ማስረዳት ያስቸግራል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነም፣ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ገዢ ሲሸጥ ቀረጡ ስለሚጠየቅበት ግምቱ ይቀንሳል።

የሊዝ መሬት የያዙም ይሳሳታሉ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የሊዝ መብትን ማስያዝ የሚፈቅደው በተከፈለው የሊዝ ክፍያ መጠን ነው። ቦታው በጨረታ የወጣበትን ዋጋ ጠቅሶ ያን ያህል ብድር መጠበቅ አያዋጣም።

ግምቱ ቢያማልል እንኳ ማስያዣ ብቻውን ብድር አያስገኝም። መልካም የብድር ባለሙያ መጀመሪያ የሚያገላብጠው የተበዳሪውን የባንክ ሂሳብ እንቅስቃሴ ነው። ሽያጩን ሁሉ በጥሬ ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ የኖረ ነጋዴ እዚህ ላይ የሚያሳየው ያጣል።

«ድርጅቱ በስሜ ነው፤ የባለቤቴ ፊርማ ምን ያደርጋል?»

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የጋራ ንብረትን ለማስያዝ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ከ500 ብር በላይ ለመበደርም እንዲሁ። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ በተግባር የንግድ ብድር ሁሉ የሚስት ወይም የባል ፊርማ ይፈልጋል ማለት ነው።

«ስሜና ደንበኞቼ አይያዙም»

ይያዛሉ። የንግድ መደብር፣ ማለትም ንግዱ በጠቅላላው፣ እንደ አንድ ንብረት ከነመልካም ስሙና ከነኪራይ መብቱ በመያዣነት ሊሰጥ ይችላል። ለመገመት አስቸጋሪ በመሆኑ ብዙ አበዳሪ አይደፍረውም።

«መክፈል ካቃተኝ ንብረቱን ይውሰዱት፤ በዚያው እንለያያለን»

በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ከሽያጩ ከዕዳው በላይ የተገኘ ካለ ለባለንብረቱ ይመለሳል፤ ይህን ሳይጠይቁ የሚቀሩ አሉ። ዋጋው ካነሰ ግን ጎዶሎው ዕዳ ሆኖ ይቀጥላል።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያላቸው ሰዎች በተለይ እዚህ ላይ ይዘናጋሉ። ባንኩ ከማኅበሩ ንብረት በተጨማሪ የባለድርሻውን የግል ዋስትና፣ ማለትም «ማኅበሩ ካልከፈለ በግሌ እከፍላለሁ» የሚል ግዴታ፣ ካስፈረመ፣ የኃላፊነት ገደቡ ለዚያ ብድር ያን ሰው አያድነውም። ጎዶሎው ከመኖሪያ ቤቱና ከግል ሂሳቡ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከውሉ ጋር አብሮ የሚቀርበውን የዋስትና ቅጽ ከመፈረም በፊት፣ በተለይም የገንዘብ ጣሪያ የተጻፈበት መሆን አለመሆኑን፣ ለጠበቃ አሳይቶ ማረጋገጥ ይገባል።