የአረጋውያን እንክብካቤና የአስታማሚዎች እፎይታ በመሀል አዲስ አበባ

አማርኛ አረጋዊን ለመንከባከብ ሁለት ጠንካራ ግሦች አሉት፤ መጦርና ማስታመም። መጦር ጉልበት የከዳውን ሰው ማብላት፣ ማልበስና ማኖር ነው። በየወሩ ባንክ የሚገባው «ጡረታ» የዚሁ ቃል ልጅ ነው። ማስታመም ደግሞ አልጋ አጠገብ መዋልና ማደር፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ ማጠብ ነው። አስታማሚው ለጥቂት ሰዓት ወይም ለጥቂት ቀን እንዲያርፍ ሌላ ሰው ወይም ተቋም አረጋዊውን ተረክቦ የሚያቆይበት አገልግሎት ግን በቋንቋው የራሱ ስም አልወጣለትም። በሌሎች አገሮች ቀን ተውሎበት ማታ ወደ ቤት የሚመለሱበት ማዕከል፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ተተኪ ወይም የአንድ ሳምንት ማረፊያ ሆኖ ይሰጣል። በፒያሳ፣ በካዛንቺስ፣ በልደታና በተክለ ሃይማኖት ግቢዎች ግን ይኸው ነገር «እስቲ እማማን ይዩልኝ፣ መርካቶ ደርሼ ልምጣ» በሚል ልመና ሲፈጸም ኖሯል። «የእፎይታ እንክብካቤ» የሚለው አጠራር ለዚህ ጽሑፍ ያህል ይበቃል።

ጧሪና ተጧሪ

ሕጉ ኃላፊነቱን አስቀድሞ የሚሰጠው ለቤተሰብ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጆችና ተወላጆች እርስ በርሳቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ስለዚህ የተቸገረ አባት ልጁን ቀለብ ሊያስቆርጥ ይችላል፤ ልጁን ፍርድ ቤት የሚያቆም አባት ግን ብዙ አይገኝም፣ ነውር ነዋ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚያደርገው የአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደው ደረጃ መሆኑን ይገልጻል። በጥር 2008 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት የተሰበሰቡ መሪዎች የአረጋውያንን መብት የሚመለከት ፕሮቶኮል አጽድቀዋል። ከጽሕፈት ቤቱ አጥር ወደ ልደታ ጥቂት ደቂቃ ቢራመዱ አዋጁም ፕሮቶኮሉም ያልደረሰላት አስታማሚ ማግኘት አይከብድም።

አስታማሚዋ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ያላገባች ወይም ፈትታ የተመለሰች ልጅ፣ ምራት፣ ከገጠር የመጣች የልጅ ልጅ፣ አንዳንዴም ዕድሜዋ ራሷን ለመጦር የደረሰ ሚስት። የሠራተኛ ጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው፤ ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን እናቷን የምትይዝ ልጅ እዚያው ደፍ ላይ ልትሆን ትችላለች። ተቀጣሪ ከሆነች ደግሞ የሥራ ቦታዋ የሚሰጣት ጥቂት ነው። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ልዩና ከባድ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ፣ ያውም በዓመት ከሁለት ጊዜ ላልበለጠ። ለቀብር ፈቃድ አለ፤ ከቀብር በፊት ላሉት ዓመታት የተባለ ነገር የለም።

ሥራው ራሱ ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ስትሮክ መትቶት ግማሽ አካሉ የማይታዘዝ አባት በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ወገቡና ተረከዙ ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል፤ ይህ ሌሊትንም ይጨምራል። ምግብ ሲጎርስ ቀና ብሎ ካልተቀመጠ ትን ብሎት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የስኳርና የግፊት መድኃኒት በሰዓቱ፣ ፖፖ፣ የአዋቂ ዳይፐር፣ ውኃ በማይመጣበት ቀን የሚታጠብ አንሶላ። አንሺዋ አንድ ብቻ ከሆነች ከወራት በኋላ የራሷ ወገብ ይሄዳል።

መርሳት ሲመጣ ነገሩ ይከፋል። ብዙ ቤተሰብ የመርሳት በሽታን «ጃጁ» ብሎ ያልፈዋል፤ የዕድሜ ጣጣ እንጂ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ሕመም ሆኖ አይቆጠርም። እንዲህ ያለ ሰው ሌሊት ይነሳል፣ በሩን ይከፍታል፣ «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላል፣ ገና ከበላው ምሳ በኋላ ምሳ ይጠይቃል። አስታማሚዋን የሚያደክማት ጥያቄው ስለማያልቅ ነው፤ ከወሰደችው እንቅልፍ ይልቅ የተቋረጠባት ይበዛል።

ሆስፒታል መግባትም አስታማሚዋን አያሳርፋትም። በጥቁር አንበሳ፣ በዘውዲቱ፣ በየካቲት 12 ወይም በራስ ደስታ የተኛ አረጋዊ አጠገቡ ሰው ያስፈልገዋል፤ ምግብ የሚያቀርብ፣ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ የሚሮጥ፣ እዚያ ያልተገኘ መድኃኒት ቀይ መስቀል ወይም ከነማ ፋርማሲ ሄዶ የሚጠይቅ። ለዚህም ነው «አስታማሚ ማነው?» የሚለው የነርሷ ጥሪ በየዋርዱ የሚሰማው። ወንድምና እህት ያለው ቤተሰብ የቀንና የአዳር ተራ ያወጣል። ተራ ማውጣት የማይችለው፣ ማለትም ባለ አንድ ልጁ፣ ወንበር ላይ ያድራል።

ግቢውና ዕድሩ

የመሀል ከተማው የቀድሞ አሠፋፈር ለእፎይታ የተሠራ ይመስል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሰ በኋላ በየግቢው የቀበሌ ቤት ተከራዮች ተጠጋግተው ኖሩ። ቧንቧው የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ግድግዳው ጭቃ። ይህ ችግር ነው፤ ማንም አያወድሰውም። ግን በዚያ ግድግዳ ውስጥ ሳል ይሰማል። እማማ ጠዋት ካልወጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ በራቸው ይንኳኳል። ቡና ሲፈላ አልጋ ላይ ያለው ሰው ቤት ይፈላል፤ በሦስቱ ስኒ መካከል ልጅቱ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። የጃጁት አባባ መንገድ ቢስቱ የሱቁ ልጅ ወይም ሊስትሮው እጃቸውን ይዞ ይመልሳቸዋል። ይህን ሁሉ አገልግሎት ብሎ የመዘገበው መሥሪያ ቤት የለም።

ዕድር ከዚህ የተደራጀ ነው። ወርኃዊ መዋጮ፣ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስት፣ መተዳደሪያ ደንብና ቅጣት አለው። አባል ሲታመም መጠየቅ ግዴታ ነው። ገንዘቡ ግን በዋናነት የተሰለፈው ለቀብር ነው፤ ዕድርተኛው ለአርባ ዓመት ከፍሎ አልጋ ላይ በተኛባቸው ሦስት ዓመታት የሚያገኘው ጥየቃ ሲሆን፣ ድንኳኑ የሚደርሰው ሲሞት ነው። በእኔ ግምት ለአረጋውያን ድጋፍ ሲባል አዲስ ተቋም ከመፈለግ በፊት መታየት ያለበት ይህ ደንብ ነው።

ደንቡ ሊለወጥ እንደሚችል ከተማዋ አንድ ጊዜ አይታለች። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ኤድስ ብዙዎችን አልጋ ላይ ሲጥል በርካታ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ወደ ሕመምተኛው ቤት ገቡ። አጭር ሥልጠና የወሰዱ በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹ የሰፈር ሴቶች፣ ቤት ለቤት እየዞሩ አጠቡ፣ መገቡ፣ ቁስል አጸዱ፤ ከኋላቸው ነርስ ነበረች። እናትየው ወይም እህትየው በዚያ ሰዓት ተኛች ወይም ሥራ ፍለጋ ወጣች። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሕመምተኛው ከአልጋ ተነሳ፣ ፕሮጀክቶቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ያ ሁሉ እጅ የተማረው ሥራ፣ ሰው ማገላበጥና ሳያሸማቅቁ ማጠብ፣ ለአረጋዊ የሚያስፈልገው ሥራ ራሱ ነበር።

ከዕድር ሌላ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት አሉ፤ በመስጊዶች ዙሪያ ዘካና ሰደቃ አለ። ጠበል የሚወስድም አለ፤ እዚያም አስታማሚ ይከተላል።

ጧሪ የሌላቸው የሚለው መስፈርት

ተቋማዊው ድጋፍ ሲታይ ከሁሉም በላይ የሚታወቀው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በቤተሰቡ ቤት የጀመረው ይህ ማዕከል ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያኖራል፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክሩና 8161 የሚለው የጽሑፍ መልእክት ቁጥሩ ከተማውን ሁሉ ያዳረሰ ነው። ዋናው ግቢ ግን ወደ ምሥራቅ፣ አያት አካባቢ ነው። በመሀል ከተማው ስድስት ኪሎ ያለው የማዘር ትሬዛ መነኮሳት ቤት የታመሙና የወደቁ ሰዎችን ይቀበላል። ሲስተር ዘቢደር ዘውዴ የመሠረቱት ሜሪ ጆይ ከሕፃናት ጎን ለጎን አረጋውያንን ይደግፋል። የኢትዮጵያ አረጋውያንና ጡረተኞች ብሔራዊ ማኅበር ደግሞ ድምፃቸው ለመሆን ይሠራል።

ከከተማው አስተዳደር በኩል የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት ለተቸገሩ ሰዎች ምግብ ያቀርባሉ። በክረምት በጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል፤ መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ ወደ ጽዳትና አረንጓዴ ልማት ዓይነት የአካባቢ ሥራ ይመደባል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የመክፈል አቅም የሌላቸውን ቤተሰቦች መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል።

ከእነዚህ መካከል የአብዛኞቹ ቁልፍ ሐረግ «ጧሪና ቀባሪ የሌላቸው» የሚለው ነው። ሀብት ባነሰበት አገር ምክንያቱ ይገባል፤ አስቀድሞ የወደቀውን ማንሳት ግድ ነው። ውጤቱ ግን እንግዳ ነው። ልጅ ያለችው እናት ጧሪ እንዳላት ስለሚቆጠር ከዝርዝሩ ትወጣለች፣ ልጅቱም ጧሪ በመሆኗ ምክንያት ድጋፍ የማይደርሳት ሰው ትሆናለች። ማዕከል የሚያስገባው ለዘለቄታ እንጂ ለአሥር ቀን አይደለም። አስታማሚዋ ራሷ ቀዶ ሕክምና ቢታዘዝላት እናቷን ማን ዘንድ ታስቀምጣለች ለሚለው መልሱ አሁንም ዘመድና ጎረቤት ነው።

ቤት ድረስ ከሚሄዱት መካከል ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይጠቀሳል፤ መዳን ለማይችል ሕመም የተዳረጉ ሰዎችን ነርሶቹ በቤታቸው እየጎበኙ ሕመም ያስታግሳሉ፣ ቤተሰቡንም ያማክራሉ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ግፊት ይለካሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። በየ2 ሰዓቱ ለማገላበጥ ግን አልተመደቡም። በድንገት ሲብስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ይደወላል፤ መኪናው ጠባቡ መንገድ ላይ ሲቆም አረጋዊውን በብርድ ልብስ ይዞ እስከዚያ የሚያደርሰው የሰፈሩ ጎረምሳ ነው።

በገንዘብ የሚገዛው እጅ

አቅም ያለው ቤተሰብ የቤት ሠራተኛ ይቀጥራል። ሠራተኛዋ የተቀጠረችው ለምግብና ለጽዳት ቢሆንም ቀስ በቀስ አስታማሚ ትሆናለች፤ ደመወዟ ግን ከሥራው ጋር አያድግም። ሌላው አማራጭ ተመላላሽ ነርስ ነው፤ ካቴተር ለመቀየር፣ ቁስል ለማጠብ፣ ግሉኮስ ለመስጠት። አንዳንዱ በድርጅት በኩል፣ አንዳንዱ ከሆስፒታል ፈረቃዋ በኋላ በስልክ ተጠርታ የምትመጣ ናት። ዊልቸር፣ ዎከር፣ የአየር ፍራሽ ከጥቁር አንበሳ ዙሪያ ካሉ መደብሮች ይገዛል፤ ወላጁ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ ለሚቀጥለው ጎረቤት ይተላለፋል።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ የተሰደደችው ልጅ አለች። ቤይሩት ወይም ሪያድ የሰው አረጋዊ ታጥባለች፣ ከዚያ በምትልከው ብር እናቷን ሌላ ሴት ታጥብላታለች። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው በሙያው የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ስለሚጠይቅ በየቴክኒክና ሙያ ተቋሙ የቤት አያያዝና የእንክብካቤ ሥልጠና ይሰጣል። አገር ውስጥ ግን የጎረቤቷን እናት ለምትይዝ ሴት ያንኑ ሥልጠና ውሰጂ የሚላት የለም።

ሰፈሩ ሲነሳ

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ በሰፊው ፈረሰ። የተነሱት ነዋሪዎች በተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ቤት ተሰጣቸው፤ ከካዛንቺስ የወጡ ብዙዎች ገላን ጉራ ገቡ። ለአረጋውያን ያመጣው ነገር የተቀላቀለ ነው። ሽንት ቤት ቤት ውስጥ መሆኑ፣ ጣራው አለማፍሰሱ፣ ግድግዳው በክረምት አለመርጠቡ ለአስታማሚ ትልቅ እረፍት ነው፤ በሌሊት በዝናብ ሰው ደግፎ ግቢ ያቋረጠ ያውቀዋል። በሌላ በኩል ባለ አራት ፎቁ ኮንዶሚኒየም አሳንሰር የለውም፤ ላይኛው ወለል ላይ የደረሰው ሽባ አረጋዊ የሚወርደው ለሐኪም ቀጠሮ ብቻ ይሆናል። ሥራዋ መሀል ከተማ የቀረው ልጅ ጠዋት ወጥታ ማታ እስክትመለስ ያለው ሰዓት ረዝሟል። በሩም የብረት በር ነው፤ ይቆለፋል፣ ሳልም አያሳልፍም።

የዕድሮቹ ዕጣ የተለያየ ሆነ። አንዳንዱ ንብረቱን ተካፍሎ ተበተነ፤ አንዳንዱ አባላቱ ከየአቅጣጫው በታክሲ እየመጡ ቀጠለ። ወር በወር የሚሰበሰብ ዕድር ይቀብራል፤ ሐሙስ ከሰዓት «እስቲ እማማን ይዩልኝ» ለማለት ግን በር ለበር መሆን ያስፈልጋል። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ያንን በር መጀመሪያ የሚያንኳኩት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰፈር የመጡት ናቸው፤ እጣው አንድ ብሎክ ላይ ከጣላቸው።