ከቦሌ እስከ ዳለስ፦ የአዲስ አበባና የዋሺንግተን በረራ ርቀትና ሰዓት

ከአዲስ አበባ ቦሌ ኤርፖርት እስከ ዋሺንግተን ዳለስ ያለው ርቀት፣ በአጭሩ የአየር መስመር ሲለካ፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ለሄደውም ለመጣውም አንድ ነው። ሰዓቱ ግን ይለያያል። ከዲሲ ወደ አዲስ አንዴ የተነሳ አውሮፕላን ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል። ከአዲስ ወደ ዲሲ ሲኬድ ግን መንገድ ላይ ስለሚታረፍ እስከ 16 እና 17 ሰዓት ይወስዳል።

ብዙ ሰው ነገሩን በነፋስ ያሳብባል። እውነት ነው፣ ከላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ወደ አገር ቤት የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል፤ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,334 ሜትር ከፍ ይላል። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን የሚያነሳው በመሬት ላይ ይበልጥ ሲፈጥን ነው። ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ሻንጣና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ አንድ ላይ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ዳለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ከዚያ የሚነሳው ታንኩን ሞልቶ ይመጣል።

ለነዳጅ ሮምም ደብሊንም አገልግለዋል። መስመሩን የማያውቅ ሰው ጎማው መሬት ሲነካ ደረስን ብሎ ቀበቶውን ይፈታል። ገና ውቅያኖሱ ይቀራል።

አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1945 ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ። ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። ያኔ መነሻው ልደታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ የልደታ ሜዳ አልበቃቸውም፤ ቦሌ የተሠራው ለእነሱ ነው። የዋሺንግተን በረራ እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ድሪምላይነር የሚባለውን ቦይንግ 787 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ይኸው አየር መንገድ ነው።

የሰዓቱ ልዩነት በእነሱ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ነው። ከዲሲ ጧት የተነሳ በማግስቱ ጧት ቦሌ ይደርሳል። ከቦሌ ማታ የተነሳም በማግስቱ ጧት ዲሲ ይገባል። ለዚህ ነው ረጅሙ ጉዞ በካላንደር ሲያዩት አጭር የሚመስለው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር፣ በሱዳን ሰማይ ያልፉ የነበሩ በረራዎች ዞረው መሄድ ጀመሩ።

ለቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ከፍታው በቀነሰ ቁጥር አውሮፕላኑ ይዞት ሊነሳ የሚችለው ነዳጅ ይጨምራል።