የሠራተኛ ጸጉርና መልክ በዲኤምቪ፦ አሠሪ ምን ማዘዝ ይችላል?

ዲኤምቪ (ዋሺንግተን ዲሲና ጎረቤቶቿ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) የሚኖር ሐበሻ ብዙ ጊዜ ሦስት ሕግ ውስጥ ይመላለሳል። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያድራል፣ ዲሲ ይሠራል፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ዘመድ ጠይቆ ይመለሳል። ታክሱ እንደሚለያይ ሁሉም ያውቃል። አሠሪ በሠራተኛው ጸጉር ላይ ያለው ሥልጣንም እንደሚለያይ ግን ብዙም አይወራም።

መነሻው ለአሠሪው ያደላል። አሜሪካ ውስጥ የግል መሥሪያ ቤት በሕግ ባልተከለከለ በማንኛውም ምክንያት ሠራተኛ ማሰናበት ይችላል። የ1964ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሲቪል መብቶች ሕግ ዘርን፣ ቀለምን፣ ሃይማኖትን፣ ጾታንና የትውልድ አገርን ይጠብቃል። እዚያ ላይ "ቀለም" ሲል የቆዳውን ነው። ጸጉሯን ሐምራዊ ቀብታ የመጣችን ካሸር "ወይ አስለቅቂው ወይ ሥራውን ተዪው" ማለት በአብዛኛው ግዛት ይቻላል።

ዲሲ ግን ለየት ትላለች። በ1977 የወጣው የሰብዓዊ መብት ሕጓ የሰውን መልክ ከዘርና ከሃይማኖት ጎን አስቀምጦ ይጠብቃል። የሰውነት ሁኔታ፣ አለባበስና ራስን አያያዝ ሁሉ ይገባበታል። የጸጉር አሠራርና ጺም እንዲያውም በስም ተጠቅሰዋል። ፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 15 ሠራተኛ ያለውን ድርጅት ሲመለከት፣ የዲሲው አንድ ሠራተኛ ያለውንም ይይዛል። ስለዚህ የኛዎቹ ትንንሽ ሬስቶራንቶችም አያመልጡም።

ይህ ማለት ዲሲ የሚሠራ ሰው እንዳሻው ይሆናል ማለት አይደለም። አሠሪው የንጽሕና፣ የዩኒፎርም ወይም ሌላ ደንብ ሊያወጣ ይችላል፤ በሁሉም ላይ እኩል ከሠራበትና ለሥራው የሚረባ ምክንያት ካለው። ጤናና ደህንነትም አለ። ኪችን ውስጥ የጸጉር መረብ አላደርግም ብሎ መክሰስ አያዋጣም። ጭቅጭቁ ያለው "እኩል" የምትለዋ ቃል ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት የሠራሁበት ሆቴል መመሪያ "ተፈጥሯዊ የሚመስል የጸጉር ቀለም" ይል ነበር። አብራን የምትሠራ አንዲት እናት ሽበቷን በሂና ትቀባለች። ግንባሯ ጋ ያለው ጠርዝ ብርቱካን መስሎ ይወጣል። ሱፐርቫይዘራችን አንድ ቀን ጠርቶ ይህ ቀለም ተፈጥሯዊ አይደለም አላት። "የኔ ተፈጥሯዊማ ነጭ ነው፤ ነጩን ላምጣልህ?" አለችው። ከጀርባው ሪሴፕሽን ላይ የቆመው ልጅ ጸጉሩን ቢጫ አስመትቶ ነበር። እሱን የጠየቀው የለም።

"ተፈጥሯዊ" ለማን? ይህ ጥያቄ ባልቲሞር ውስጥ ገንዘብ አስከፍሏል። በ2013 ሁተርስ የሚባለው ሬስቶራንት አንዲት ጥቁር አስተናጋጅ ጸጉሯ ላይ ብሎንድ ዘለላ በማስገባቷ አሰናበታት። ጥቁር ሴት ብሎንድ ጸጉር የላትም ተባልኩ ብላ ከሰሰች። በ2015 በግልግል ከ250,000 ዶላር በላይ ተፈረደላት። ልብ በሉ፣ ያሸነፈችው ብሎንድ የመቀባት መብት ስላላት አይደለም። ደንቡ በዘር ተለይቶ ስለተሠራባት ነው።

የጸጉር አሠራር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በ1981 ኒው ዮርክ ያለ ፍርድ ቤት አሜሪካን ኤርላይንስ ሹሩባን መከልከሉ ዘረኝነት አይደለም ብሎ ፈረደ። ሹሩባ ሊፈታ ይችላል ነው ነገሩ። በ2016ም አላባማ ውስጥ ድሬዷን ካልቆረጠች ሥራ አታገኝም የተባለች ሴት ጉዳይ በይግባኝ ተሸነፈ። ይህን አካሄድ ለመቀልበስ ካሊፎርኒያ በ2019 "ክራውን አክት" የሚባለውን ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ተከተለ። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2020፣ ሜሪላንድ ከጥቅምት 2020 ጀምሮ ሠሩበት። የፌዴራሉን ረቂቅ የተወካዮች ምክር ቤት በ2022 አሳልፎት ሴኔት ላይ ቀርቷል።

እነዚህ ሕጎች ከዘር ጋር የተያያዘውን ነው የሚጠብቁት፦ ከርዳዳ ጸጉር፣ ሹሩባ፣ ድሬድ፣ አፍሮ። ስለ ቀለም ዝም ይላሉ። ሹሩባሽን መከልከል የማይችለው የቨርጂኒያ አሠሪ፣ ለሁሉም ከልክሎ ከሆነ፣ ሹሩባው ውስጥ የገባውን ሰማያዊ አርቴፊሻል ጸጉር አውጪ ሊልሽ ይችላል።

ሃይማኖት ሲገባ ሚዛኑ ይለወጣል። ሂጃብ፣ ማዕተብ፣ ለእምነት ተብሎ ያደገ ጺም፣ በእምነት የተነቀሰ የግንባር መስቀል እዚህ ይመጣሉ። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ፣ አሠሪ በሂጃቧ ምክንያት አመልካችን መጣል አይችልም አለ፤ እሷ በቃል ልዩ ፈቃድ ባትጠይቅ እንኳ። በ2023 ደግሞ "ይከብደኛል" የሚል አሠሪ ጫናው ለድርጅቱ ከባድ መሆኑን ማሳየት እንዳለበት ወሰነ። ጥቂት ወጪ ወይም የደንበኛ ፊት መቋጠር አይበቃም። ማዕተብ ማሽን ውስጥ ሊገባ ይችላል ከተባለ ግን እውነተኛ የደህንነት ምክንያት ነው፤ ሸሚዝ ውስጥ ማስገባት ብዙ ጊዜ ያስታርቃል።

ዲሲ ውስጥ የተበደለ ሰው ለከተማዋ የሰብዓዊ መብት ቢሮ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ ስላለ በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፣ ያለ ክፍያ። ይዞ መሄድ የሚያስፈልገው የመመሪያው ገጽ፣ ማስጠንቀቂያው የተሰጠበት ቀን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያንኑ ደንብ ጥሶ ዝም የተባለ ሰው መኖሩን የሚያሳይ ነገር ነው። እንደ ሪሴፕሽኑ ልጅ።