በድሬ ሙቀት ኢንኩቤተሩ ለምን ይረጥባል?

"አገሩ ሙቀት ሆኖ ሳለ ልጄን ለምን እንፋሎት ውስጥ ትከቱታላችሁ?" ያለጊዜው የተወለዱ ሕፃናት የሚሞቁበትን ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩን፣ ስናረጥብ የድሬ እናቶች ሁሌ ይጠይቁናል።

ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ስንጠቀልል ውሃው ይቀዘቅዝ የለ? ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። እርግዝናው 28 ሳምንት ሳይሞላ የተወለደ ልጅ ቆዳው ገና ስስ ስለሆነ፣ እንደዚያ ጆንያ ውሃ ያስወጣል። ሰውነቱ ይደርቃል፤ በድሬ ሙቀትም ቢሆን ይበርደዋል። አየሩ ሲረጥብ ትነቱ ይቀንሳል። ይሄ አያከራክርም።

የእርጥበቱ መጠን ግን እንደ ሆስፒታሉና እንደ ልጁ ይለያያል። ብዙ ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይደረጋል፤ ቆዳው ሲጠነክር ቀስ እያሉ ይቀንሱታል።

አየሩን ለማርጠብ የቧንቧ ውሃ ግን በጭራሽ! ማንቆርቆሪያችን ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፤ ከሱ የሚብሰው ጀርሙ ነው። የሚጨመረው ከጀርም የጸዳ፣ ተንኖ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ብቻ ነው።